ጓንት የማያጠልቅ እጅ

ጥር 3፣ 2007 ዓ.ም. እሑድ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ዛሬም ፓምፕ። ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ሸንኮራ አገዳ። ነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ፣ እታች በኤሌክትሪክ እየዞረ ነዳጁን ወደ ላይ ይገፋል። እኛ እዚህ ዓረብ አገር ወርክሾፕ ውስጥ ያረጀውን ፈትተን እናድሳለን። ኢንጂነሩ ይሄኛው ፈጠን ብሎ ይዞራል፣ ጉድጓዱ ብዙ ይሰጣል አለ። ውስጡ የሚነካካ ነገር ካለ ግን ይቃጠላል።

የመጨረሻው ፍተሻ የኔ ነው። ጓንቴን አውልቄ ዘንጉን በእጄ አዞራለሁ። ካልተፋተገ፣ ያላ፣ በሉ ጫኑት እላለሁ። የመመሪያው እንግሊዝኛ ባይገባኝ እጅ አለኝ።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ተናድጃለሁ ደብተሬ። ጀማልን ያዝኩት። የደሴው፣ አንድ ክፍል አብሮኝ የሚኖረው። እኔ ሻይ ስወጣ ዘንጉን እንደገና ያዞራል። ለካ ሁልጊዜ ነው!

"ለጥንቃቄ ነው ጋሼ።"

"ከኔ ነው የምትጠነቀቀው? ከእጄ በኋላ እጅህን ብታሳርፍ ወዮልህ!"

ወርክሾፑ ሁሉ ሰማ።

"ኸላስ ጋሼ፣ በቃ አልነካም።"

የዛሬው ፓምፕ በኔ እጅ ብቻ ተፈትሾ ተጫነ። ደስ አለኝ።

ጥር 8፣ ዓርብ

ዕረፍት። የሸሚዜ ቁልፍ ጣቴ ላይ አልታወቅ አለኝ። ጀማል አይቶ እንዳላየ ጫማውን ፈለገ። ብርዱ ነው አልኩ። ሟች ባለቤቴ ብትኖር፣ አንተ እየሰመጥክም ዋና እችላለሁ ባይ ነህ ትለኝ ነበር።

ጥር 18፣ ሰኞ

ጥር 5 የተጫነው ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ተቃጠለ።

ጥር 21፣ ሐሙስ

አወጡት። ፈታነው። አንዱ ክብ ብረት ተፋትጎ ጠቁሯል። ሲጫንም ይነካካ ነበር ማለት ነው። አለቃችን ሙዲሩ፣ የሽማግሌው እጅ አይሳሳትም አለ። ከሱ በኋላ ማን ነካው? አንዱ፣ ጀማል ነው፣ ጋሼ ራሳቸው ሲቆጡት ሰምተናል አለ።

ጀማል መሬት መሬት አየ። ያን ቀን አለመንካቱን የምናውቀው ሁለታችን ነን። እኔ የጠቆረውን ብረት ማገላበጥ ያዝኩ። ጀማል እሑድ በኹሩጅ ይሂድ ተባለ፤ ወደ አገር መሸኛ፣ መመለሻ የሌለው።

ሰው ሲወጣ ሌላ ዘንግ አዞርኩ። ለእጄ ልስልስ አለ። ጀማልን ጠራሁት። አዞረ።

"ይፋተጋል ጋሼ።"

"ለምን ዝም አልክ?"

"ሰው ሁሉ በእጅዎ ይምላል። እኔ ምን ብዬ ላፍርስ?"

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ጀማል ሻንጣ እያሰረ ነው። የኔን ብርድ ልብስ አጥፎ አልጋዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ምነው ሰድቦኝ ቢሆን።

ፍታው አልኩት፣ ሻንጣውን። ማሰሩን ተወ።

ነገ ሙዲሩ ፊት እቆማለሁ። እጄ ሞቷል፣ የሚያውቀው ጀማል ነው፣ የከለከልኩትም እኔ ነኝ እላለሁ። ኹሩጁ የኔ ይሁን።

ከዚያ ሁሉም እያዩኝ ጓንቴን አጠልቃለሁ።