ባዶ መሬት

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ዛሬ የማስተምርበት የግብርና ኮሌጅ የምሥረታ በዓል ነበር። አባቴንም ይዣቸው ሄድኩ። እኔ ከመምህራኑ ጋር ስለተቀመጥኩ እሳቸው ከኋላ ለብቻቸው ነበሩ።

ዲኑ የኮሌጁን ታሪክ ሲያነብ፣ «ከባዶ መሬት ተነሥተን እዚህ ደረስን» አለ።

አባቴ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። «ባዶ አልነበረም። የእኔ ገብስ ነበረበት፤ ጎጆዬም ነበረችበት» አሉ።

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ቀልድ መሰላቸው። ዲኑም «አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን» ብሎ ንባቡን ቀጠለ።

ወደ ማርቆስ ከተማ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ «ምን ብዬ ነው ያጨበጨቡልኝ?» አሉኝ።

«አክብረውዎት ነው።»

«አንተም አጨበጨብክ?»

«ኧረ እኔስ አላጨበጨብኩም!»

«ዝም ነው ያልከው» አሉና ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ።

እራት ሳይቀምሱ ተኙ። እኔ ግን በላሁ።