ሁለት ጣት ለምታክል የመኪና መስኮት ክፍተት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የግቢና የንብረት አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ቢሮዎ ይሞቃል ሲባል ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። እኔም በግቢዎ የመኪና ማቆሚያ፣ ከባለቤቴ ጋር በአሮጌ ሚኒባሳችን ውስጥ ደህና ነኝ። ወሬ ስለምወድ፣ እዚህ ማቆሚያ ያገኘሁትን ዓይነት ጎረቤት በሠፈሬ አግኝቼ አላውቅም፤ ሁሉም አስታማሚ ነው፣ ሁሉም እንቅልፍ የለውም፣ ሁሉም ያወራል።

ባለቤቴ ሳንባውን ታሞ በየቀኑ የጨረር ሕክምና ይደረግለታል። በእግሩ መሄድ የሚችል ሕመምተኛ አልጋ እንደማይገባው በትህትና ስለተነገረን፣ እሱም መራመዱን ያየለት ሰው በማግኘቱ ኮርቷል። ቤታችን ሩቅ ስለሆነ መኪናችን ውስጥ እናድራለን፤ በትንሽ ሲሊንደር የምትሠራ የጋዝ ማሞቂያ ገዝተን፣ ከመተኛታችን በፊት ለኩሰን ሞቅ ሲለን እናጠፋታለን። ታዲያ ከምስጋና ጋር የማቀርባቸው ጥቂት ነጥቦች አሉኝ።

1ኛ/ የአስታማሚዎች ማረፊያ ክፍሉን ቀንም ሌሊትም እያሞቁ፣ አዳዲሶቹን ወንበሮች ከነላስቲካቸው ደርድረው፣ በሩን ቆልፈው ስላቆዩልን እናመሰግናለን። ባለቤቴ በመስታወቱ አሻግሮ አይቶ «ምነው ወንበር አድርጎ በፈጠረኝ!» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ሳል ስለሚያጣድፈው፣ ለወደፊቱ ባያስቁብኝ ደስ ይለኛል።

2ኛ/ ከአንድ መኪና ቴፕ በመሰረቁ፣ በግቢው የሚያድር መኪና ሁሉ ከምሽት ጀምሮ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ እንዲዘጋ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ማሞቂያችን ላይ ደግሞ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ስለምታወጣ መስኮት ሳይከፈት እንዳትለኮስ በቀይ ተጽፎባታል። ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል፤ እኛም የለመንነው ያችኑ ነፋስ ነበር፣ ሁለት ጣት የምታክል። ጸሐፊዎ «እትዬ፣ ማሞቂያው አልተከለከለም፤ የተከለከለው መስኮቱ ነው። ስለ ማሞቂያው የእሳት አደጋ ክፍልን ይጠይቁ» አለችኝ። ሄድኩ። እነሱም «እሳት ሲነሳ ይንገሩን» አሉኝ። እንዲህ ሥራውን ከሥራው የማይቀላቅል መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም።

3ኛ/ ስለ ጥበቃዎ ትጋት። ባለፈው ሰሞን ምሽት ላይ በዱላው መስኮታችንን ቆርቆር አድርጎ «እናቴ፣ ዝጉልኝ፣ ከሥራዬ እንዳታስባርሩኝ» አለ። እሱም እየተንቀጠቀጠ ነበር። አንጀቴን በላኝና ዘጋሁለት። ማሞቂያዋን ላጠፋ ስል ባለቤቴ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «አንዴ ቆዪ እስቲ፣ እጄ እስኪፈታ» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ «ራሴን አመመኝ» አለ። መድኃኒቱ ነው ብዬ ገመትኩ፤ ቀጥሎ ግን የእኔ ጉልበት ከዳኝ፤ እኔ ደግሞ ምንም መድኃኒት አልወሰድኩም። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ መሬት ላይ ተዘረርኩ። ጥበቃው ሮጦ ባለቤቴን በብብቱ ይዞ ጎትቶ አወጣው፣ ትንፋሹም ቀስ በቀስ ተመለሰ። በማግስቱ የመኪና በር ተከፍቶ እያየህ አልዘጋህም ተብሎ ጥበቃው ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ሰው ለማትረፍ ሲል በር ክፍት ትቶ የሚሮጥ ሠራተኛ ለግቢው ሥነ ሥርዓት አደገኛ መሆኑን እኛ አላስተዋልንም ነበር፤ እርስዎ አስተዋሉ። ከዚያ ወዲህ ማሞቂያዋን አንለኩስም። ባለቤቴ የእኔን ካፖርት ደርቦ ይተኛል፣ እኔ ቁጭ ብዬ ሲተነፍስ አዳምጣለሁ።

4ኛ/ ስለ መስኮቱ ላስገባሁት አቤቱታ «በጥናት ላይ ነው» የሚል መልስ በመስጠትዎ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጥናቱ ከብርዱ ወራት ቢረዝም ቅር አይለኝም፤ የምሰጋው የብርዱ ወራት ከባለቤቴ እንዳይረዝሙ ብቻ ነው።

ለዚህ ሁሉ ውለታዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ የሚኒባሱ ጣሪያ እስከፈቀደልኝ ድረስ እጅ እየነሳሁ፣ ቴፕዎ እንዳይሰረቅ ከልብ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ፣
የሚኒባሷ ሴትዮ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስወጣ ሐኪሙ ጠሩን። ጨረሩ ከእንግዲህ ስለማይጠቅመው ቤቱ ገብቶ ይረፍ ብለዋል፤ ስለዚህ ዛሬ ቦታውን እንለቅልዎታለን። ባሏን ልታስታምም የመጣች አራስ ሕፃኗን ታቅፋ መኪናዋን ከአጠገባችን አቁማ ቦታችንን ትጠብቃለች፤ የኛዋን የመሰለች ማሞቂያም ገዝታለች። መስኮቱን ሁለት ጣት ክፈቺ፣ ሳትተኚም አጥፊያት ብያታለሁ። እሷ ግን «ጥበቃው ዝጊ ቢለኝስ?» አለችኝ። እንግዲህ ያስዘጓት እንደሆነ፣ ጠዋት ሄደው የሚያንኳኩት እርስዎ ራስዎ ይሁኑ።