ያልነበረችው ማዳም ኡበይድ

ለሁለቱ ዳርቻ ንግድ ባንክ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጅቡቲ

ክቡር ሆይ፣

የሙቀቱ ወራት ገብቷልና በባለ መስታወቱ ሕንፃዎ ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ እንዳይለይዎት፣ ጤናዎም እንዳይጓደል አላህን እለምናለሁ።

ጉዳዬን ከማቅረቤ በፊት አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የለንም። ከስማችን ቀጥሎ የሚጻፈው የአባታችን ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። ስለዚህ እኔ ሙሚን ኡበይድ፣ ባለቤቴ ማይሙና ሙጠሊብ፣ ልጃችን መሪማ ሙሚን እንባላለን። በመምህርነት ዘመኔ ይህን ለመረዳት የተቸገረ ተማሪ አላጋጠመኝም፤ ሆኖም የባንክ ሥራ ብዙ ነውና አልፈርድም።

ስለ ዕድገትዎም እንኳን ደስ ያለዎት። በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ በሁለት ክፍል የጀመረው ባንክ ዛሬ ሜኔሊክ አደባባይ ላይ ፎቅ ሠርቶ፣ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ከከተማው ዳር ፔካ 12 በሚባለው ሰፈር ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ ድሬዳዋ ድረስ ተሻግሯል። በየመንገዱም በአማርኛ ሳይቀር «እኛ ቤተሰብዎ ነን» የሚል ማስታወቂያ ሰቅሏል። ቅሬታዎቼ ከዚሁ ከቤተሰብነታችን የመነጩ ናቸው።

አንደኛ፣ ማይሙና ከእናቷ የወረሰችውን የሙሽራ የአንገት ወርቅ በባንክዎ የአደራ ሣጥን አስቀምጣ ነበር። በእነሱ ቤት ወግ ጌጡን በሙሽራዋ አንገት ላይ የምታስረው አያት ናት። ታማ ከአልጋ መነሣት ሲያቅታት፣ ልታገባ ለተቃረበችው ለልጅ ልጃችን ለውዳድ ሰርጉን ሳትጠብቅ በገዛ እጇ ልታስርላት ፈልጋ እኔን ባሏን ወከለችኝ። አዲሱ ኮምፒውተርዎ ግን የአባቶቻችንን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ መዝግቦ ኖሮ፣ ባልና ሚስት አለመሆናችንን አስታወቀኝ። ሦስት ሰዎች በምንኖርበት ቤት ሦስት ቤተሰብ አገኘብን፤ ዕድገት ማለት ይኸው ነው።

ይህን ስነግራት በሕመሟ መካከል ሳቀች። እንግዲያው ሽማግሌዎች እንደገና እንድልክባት፣ በዚህኛው ጊዜ ግን እንደ ድሮው ቶሎ እሺ እንደማትል አስጠነቀቀችኝ። ለዚያ ሳቅ ባንክዎን ከልብ አመሰግናለሁ፤ የመጨረሻዋ ነበር።

ሁለተኛ፣ የኒካሕ ወረቀታችንን ባቀርብ፣ ማይሙና ሙጠሊብና «ማዳም ኡበይድ» አንድ ሰው መሆናቸውን የአገራችን ቃዲ እንዲያረጋግጡ ጠየቃችሁ። ቃዲው ማዳም ኡበይድ የምትባል ሴት እንደማያውቁ በትሕትና መለሱ። እኔም አላውቃትም። እናቴ እንኳ በዚህ ስም ተጠርታ አታውቅም።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ሲመላለስ ውዳድ መጥታ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ማይሙና የልጅቷን ባዶ አንገት ደባበሰች፤ ጌጡ የሚያርፍበት ቦታ ስትደርስም ጣቶቿን እዚያው አቆየች። በዚያው ሳምንት ዐረፈች። ይህን ከቅሬታዎቹ ጋር የቆጠርኩት ቅሬታ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ የት እንደምጽፈው ስላላወቅሁ ነው።

በአማርኛ አደራ ተቀብሎ ያልመለሰ ሰው የሚጠራበት ስም አለ። እርስዎን ግን በዚያ አልጠራም፤ የማይገባ ስም ሰው ላይ መለጠፍ ምን እንደሚያደርስ አይቻለሁና።

የውዳድ ሰርግ ከኢድ በኋላ ነው። አያቷ የለችምና ጌጡን የማስረው እኔ ነኝ። ማሰሪያው ደቃቅ ነው ይላሉ፤ የሽማግሌ እጅ ደግሞ ለመለማመድ ጊዜ ይፈልጋል።

በፎቅዎ ጥላ ሥር በየቀኑ የማልፈው፣ በማስታወቂያዎ መሠረትም የቤተሰብዎ አባል የሆንኩት፣

ሙሚን ኡበይድ
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ካርቲዬ 2 ሰፈር

ማስታወሻ፦ መሞቷን ለባንክዎ ባስታወቅሁ ማግስት በስልኬ የሐዘን መግለጫ ደረሰኝ። «በባለቤትዎ በወይዘሮ ማይሙና ሙጠሊብ ሕልፈት የተሰማንን ሐዘን እንገልጻለን» ይላል። ስሟ አልተዛነፈም፤ ባሏም እኔው ነኝ። በሕይወት ሳለች ሊረጋገጥ ያልቻለውን ጋብቻችንን ስትሞት ስላረጋገጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። መልእክቱን በማስረጃነት አያይዣለሁ፤ ጌጡን መቼ መጥቼ እንደምወስድ እባክዎ በቶሎ ይጻፉልኝ።