ከዓምዱ ሥር ያለው የአባትህ ቦታ

ለውድ ልጄ ለሙዓዝ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ከአንተ፣ ከባለቤትህ ከሀኒያና ከትንሿ ኢንሳፍ ጋር ይሁን። ጤንነታችሁ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ስልክ እያለ የምጽፍልህ ስልኩ ከአባትህ አጠገብ ስለማይለይ ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ መስኡዳ ናት፤ በውስጡ ያለውን አታውቅም።

ጁምዓ በደወልኩ ቁጥር አባቴ ስልኩን ለእናቴ የሚያቀብላት ተቀይሞኝ ነው ብለህ ለእህትህ ለኡሙሰልማ ነግረሃታል። አልተቀየመህም። የምትደውለው፣ ሰው ሁሉ ከመስጊድ በሚመለስበት ሰዓት ነው፤ እሱ ግን ከቤት አልወጣም።

በጥቅምት አዲስ አበባ ፕሮስቴቱ ሲወጣ ካንሰሩም አብሮ ወጥቷል ማለታቸው እውነት ነው። ያልነገርንህ፣ የሽንት ቱቦው ከተነሣለት ወዲህ ሽንት ያመልጠዋል። ሲያስል፣ ከወንበር ሲነሣ፣ ዕቃ ሲያነሣ። ሐኪሙ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ብዙ ሰው ይሻለዋል ብሏል። አባትህ ግን ጦሃራ የለኝም፣ ንጹሕ አይደለሁም ብሎ ከመስጊድ ቀረ። ጓዳ ገብቶ በሩን ዘግቶ ይሰግዳል። ልብሱንም ራሱ አጥቦ ከቤቱ ጀርባ ያሰጣል፤ አያስነካኝም። የመስጊዳችንን ሸህ ሳሊሕን ጠይቅ ብለው፣ መጠየቅ ማውራት ነው አለኝ።

ስለዚህ እኔ ሄድኩ። ሽንት የሚያመልጠኝ እኔ ነኝ ብዬ ጠየቅኩ። ሸሁ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ አስረዱኝ፤ ወቅቱ ሲገባ ታጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ፣ ውዱእ አድርጎ መስገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያመልጠው ሶላቱን አያበላሽም፤ ምንጣፉን እስካልነካ መስጊድም አይከለከልም። አመስግኜ ስወጣ ከበር መለሱኝ።

«ለኑርዬ ሰላም በይልኝ። ከዓምዱ ሥር ያለው ቦታው ላይ ማንም አልተቀመጠም» አሉኝ።

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ለአባትህ ሁሉንም ነገርኩት። «ልጆቹን በአንዲት ውሸት እራት ትከለክይ የነበርሽው ሴት፣ ሸህ ፊት ቁጭ ብለሽ ዋሸሽ?» ብሎ ሳቀ። ከሕክምናው ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። ሲስቅ ደግሞ አመለጠው። ሳቁን አቁሞ ጓዳ ገባ፤ እስከ መግሪብ አልወጣም።

ባለፈው ጁምዓ ግን ታጥቦ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በባጃጅ ሄደ። የጁምዓው ስብከት፣ ኹጥባው ሳያልቅ ተመለሰ። እግሬን አመመኝ አለ። የባጃጁ ሹፌር ከመስጊዱ በር ሳይወርድ መልሰኝ እንዳለው ነግሮኛል። ስለ ውሸት ለመናገር ከእንግዲህ ምን አፍ አለኝ?

ልጄ፣ ሰው ሳያይ ሊያረጅብኝ ነው። ትንሽ ሳለህ ከጁምዓ ስትመለሱ ኹጥባውን መንገድ ላይ በቃልህ ያስደግምህ ነበር። ሐሙስ ደውልለትና የነገውን ኹጥባ ሰምቶ እንዲነግርህ ለምነው። ጤናውን አትጠይቀው። ዝም ቢልህም ስልኩን አትዝጋ፤ ጠብቀው።

ሐኪሙ ወንዶች ልጆቹ አርባ ሲሞላቸው ይመርመሩ ብሏል። አንተ አርባ ሦስት ነህ፤ ምክንያት አልሰማም።

ሀኒያን ሳምልኝ፤ ኢንሳፍን ሁለቱን ጉንጮቿን። ኡሙሰልማና ልጆቿ ከውጫሌ ሰላም ብለዋችኋል። አባትህም ሰላም ብሎሃል ብዬ ልጨምር ነበር፤ መጻፌን ስለማያውቅ አላለም። አንድ ጊዜ መዋሸቴ ይበቃኛል።

እናትህ
ሐይቅ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.