ባዶ የቆዩት ቀፎዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ቦንጋ

ዛሬስ ደስ ብሎኛል! የውጭ አገሩ ባለሙያ ያመጣቸው የሳጥን ቀፎዎች እሱ እንደመከረው ሁለት ዓመት ሙሉ መሬት ላይ ባዶአቸውን ተቀምጠው ነበር። ዘንድሮ ቀፎዎቹን የተቀበሉት ገበሬ ጋሽ ገብሬ ምክሩን ወደ ጎን ትተው፣ አባታቸው ያደርጉ እንደነበረው ዛፍ ላይ ሰቀሏቸው። ንብ ገባባቸው። ዛሬ ማር ቆረጡ፤ የሺሺንዳ ከተማ ማር ነጋዴ ደጃቸው ድረስ መጥቶ ወሰደው።

ባለሙያው ደብተሩን አውጥቶ፣ «ለሌሎቹ ገበሬዎች ሥልጠናውን እሳቸው ይስጡልኝ» አለ። ተረጎምኩላቸው።

ጋሽ ገብሬ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «አሠልጣኝ ከሆንኩ የሱን ያህል አበል ይከፈለኛል?» አሉ።

ስንት ዓመት ሳስተረጉም እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። አንዲት ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩት። የባለሙያው ፊት ቲማቲም መሰለ። ያወጣውን ደብተር መልሶ ኪሱ ከተተ።