የነአኩቶ ለአብ ገጽ

ላሊበላ፣ የካቲት 2008 ዓ.ም.

ውድ እንዳለው፣

አዲስ አበባ ከገባህ አምስት ወር ሆነህ። ሁለቴ ደወልክ፤ ሁለቴም "ሥራ ላይ ነኝ" ብዬ ዘጋሁብህ። ሥራ አልነበረኝም። ድምፅህን ስሰማ እንባዬ ስለሚመጣ ነው።

የአስጎብኚ ማኅበራችንን ድረ ገጽ ትተህልኝ ስትሄድ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር። ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን አንድ ፎልደር፣ በውስጡ ታሪኩ፣ በዓላቱ፣ መንገዱ። የገጾቹን ቅርጽ ደግሞ አንዴ ሠርተህ ሁሉም እሱን እንዲይዙ አድርገሃል። ለእኔ የቀረኝ ጽሑፉን መጨመር ብቻ ነበር።

አባባን ታውቃቸዋለህ፤ ነአኩቶ ለአብ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ዐይናቸው እየደከመ ስለመጣ፣ የሚያውቁትን ሁሉ እየነገሩኝ ጻፍኩ። በነአኩቶ ለአብ ፎልደር ውስጥ "ትረካ" የሚል ሌላ ፎልደር ከፍቼ አስገባሁት። አልወጣም። ጽሑፉ ኮምፒውተሩ ላይ አለ፤ ድረ ገጹ ላይ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሦስት ሳምንት ታገልኩ። አባባ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣

"ስሜነሽ፣ ወጣ?" ይሉኛል።

"ነገ ይወጣል፣ አባባ።"

በልቤ አንተን ወቀስኩህ፤ ሳያስተምረኝ ሄደ ብዬ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ትዝ አለኝ። አስተምረኸኛል። እስከ ጋሸና ሸኝቼህ መኪና ስንጠብቅ፣ "በፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ስትከፍቺ የራሱን መግቢያ ገጽ ስጪው፤ አለዚያ አይታወቅም" ብለኸኝ ነበር። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አልሰማሁህም። "አትሂድ" የምልበትን አፍ ስፈልግ መኪናው መጣ።

መግቢያ ገጹን ጻፍኩ፤ ወጣ። አባባ ፊደሉን መለየት አቃታቸውና እኔ አነበብኩላቸው። ስጨርስ፣

"ይህን የሠራው ልጅ ስሙ የት አለ?" አሉኝ።

"አልተጻፈም።"

"መጽሐፍ የጻፈ እንኳ መጨረሻው ላይ ስሙን ያኖራል። አኑሪለት።"

አኖርኩልህ። ከቅርጹ ግርጌ አንድ ጊዜ "እንዳለው አድማሴ ሠራው" ብዬ ብጽፍ በስልሳ አራቱም ገጽ ላይ ወጣ። አሁን የገናን በዓል ገጽ ሳርም እዚያ ነህ፤ የሙጃን መንገድ ገጽ ሳስተካክል እዚያ ነህ። አንድ ቀን ስምህን ላጠፋው እጄን ሰድጄ ተውኩት።

ለፋሲካ ና። አባባም ይጠይቁሃል፤ እኔ ግን የምለምንህ ስለ ራሴ ነው።

ስሜነሽ ወልደ ኪዳን