በወንዛችን በረዶ ላይ ስለተጫወትኩት ጨዋታ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ አንገስ ማክራይ፤

አባባ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎን የሚቆረጥምዎ ነገር ጋብ አለልዎ ወይስ ብርዱ አባሰብዎ? እማማስ ከሳሏ ተሻላት? እህቴ ኤፊስ? ቀይዋ ላም ወልዳ ይሆን? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ፤ ግንባሬ ላይ የተሰፋው ቁስልም ጠግጓል። ደህና ያልሆነው ሌላው ነገሬ ነው።

ደብዳቤዎ ቅዳሜ ደረሰኝ። ያለ ክፍያ የሚጫወቱት የአማተሮቹ ማኅበር በኔ ምክንያት ታናሼን ዩዋርትንና ጓደኞቹን በሙሉ ከዋንጫው ጨዋታ እንዳገዳቸው ሳነብ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አከራዬ ወይዘሮ ትረቬና "ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?" ስትለኝ ደብዳቤዎን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እዚህ አሜሪካ የመዳብ ቆፋሪው ሁሉ በደመወዝ የበረዶ ሆኪ የሚጫወትን ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ይጋብዘዋል እንጂ አይሸሸውም። ድንበር ማዶ እኛ አገር ግን ከሱ ጋር አንድ በረዶ ላይ የቆመ ሁሉ እንደሱ ደመወዝ እንደበላ ይቆጠራል ብላት በሳቅ ትፈነዳለች።

የሆነውን ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት። ለአዲስ ዓመት ቤት የመጣሁ ጊዜ፣ እርስዎ ለሽማግሌዎቹ ስብሰባ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ እነዩዋርት ወደሚጫወቱበት በረዶ ወደሠራው ወንዝ ወረድኩ። ለማየት ብቻ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ እንጂ፣ ለማየት የሚሄድ ሰው የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አንጠልጥሎ አይሄድም። ዩዋርት ከሩቅ ሲያየኝ እየሳቀ "ሎርን፣ እንዳትገባ፤ ደመወዝተኛ ከነካን እኮ እንረክሳለን" አለኝ። የአንጥረኛው ልጅ ደግሞ "ተወው ባክህ፣ አሜሪካኖቹ የሚከፍሉት ቆሞ እንዲታይ ነው፤ መሮጥ የት ያውቃል" ብሎ ነካካኝ። ሁሉም አሽካኩ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ።

ድልድዩ ላይ ጋሪውን አቁሞ የሚያየንን ሰው ቀድሞ የለየው ዩዋርት ነው። የተቀናቃኛቸው የታችኛው ከተማ ቡድን ኃላፊ ነበር፤ ለማኅበሩ የነገረውም እሱ ነው። "ሎርን፣ ሰውየው አየን፤ ውጣ፣ ስሞትልህ ውጣ" አለኝ። እኔ ግን ትንሽ ቆይ አልኩት። ይቺን "ትንሽ ቆይ" ባስታወስኩ ቁጥር ብቻዬን እያለሁ እንኳ ፊቴ በእፍረት ይግላል።

አባባ፣ መጀመሪያ ወደዚህ ስመጣ "ጨዋታ የሚሸጥ ልጅ አልወለድኩም" ብለውኝ ነበር። አሁን ደግሞ "ዳር ቆሜ አየሁ እንጂ በረዶው ላይ አልወጣሁም ብለህ ማልና ላክልን፤ እኔም እመሰክርልሃለሁ" ብለው ጻፉልኝ። ፈረስ ሲሸጡ የፈረሱን ነውር ሳይጠየቁ የሚናገሩ እርስዎ ይህን ጻፉ። እዚህ ድረስ ያወረድኩዎ እኔ ነኝ። ከእገዳው ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ለዩዋርት ስል ልምል ቆርጬ ነበር። ውሸት ብርቄ ሆኖ አይደለም፤ እዚህ ሰው ጥዬ ዳኛ ሲጠይቀኝ "አልነካሁትም" ማለት ሥራዬ ሆኗል። ሕዝቡ "ፍለጠው፣ የተከፈለህ ለዚህ ነው" ይላል፤ እኔም እፈልጣለሁ። ካልፈለጥኩ አሰሪዬ ፊቱን ያጠቁርብኛል። ብዕሩን አንስቼ "አልተጫወትኩም" ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ደመወዝ መብላት ከጀመርኩ ወዲህ ደስ ብሎኝ የተጫወትኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱን አልነበረም ብዬ ከማልኩ በእጄ የሚቀረው እዚህ ያለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ፣ ተጫውቻለሁ፣ ልጆቹ አትግባ ብለውኛል፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው ብዬ ጻፍኩ። የሚምሯቸው አይመስለኝም። በታናሼ ዋንጫ የራሴን አንዲት ቀን እንደገዛሁ አውቃለሁ፤ ለዚህም አፍራለሁ። ለሱ ለራሱ ለመጻፍ ፊት አጣሁ፤ ለማኅበሩ የጻፍኩት ወረቀት ሳይደርስ እርስዎ ይንገሩልኝ።

እማማን ጉልበቷን ሳምኩ ይበሉልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ ለብሼዋለሁ። ኤፊን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። አጎቴ ዱጋልድን፣ ጎረቤታችንን ወይዘሮ ኪኒርድንም እንዴት ናችሁ ብሏል ይበሉልኝ። የዩዋርትን ጓደኞች ቀና ብዬ ሰላም የምልበት አፍ የለኝም።

ዩዋርት ስሜን መስማት ካልፈለገም አያስገድዱት። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩልኝ፤ ያን ቀን እንደ ኳስ የምንጫወትባትን ጎማ ከዱላዬ ላይ ደጋግሞ ሲነጥቀኝ፣ ለታናሼ ብዬ የለቀቅኩለት መስሎት ይሆናል። አንዴም አልለቀቅኩለትም።

ልጅዎ ሎርን

ሆውተን፣ ሚሺጋን
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1906